ለቅሶ የምንቀመጥበት ሜዳ

ከምንኖርበት ብሎክ ጀርባ አንድ ሜዳ ነበር። የማዘጋጃ ቤቱ ሰዎች «ባዶ ቦታ» ይሉታል። ኳስ የሚጫወቱበት ልጆች «ሚግራሽ» ይሉታል። እናቴ «ደጃችን» ነበር የምትለው። በበጋ አቧራና እሾህ ብቻ ነው፤ ክረምቱ ደህና አድርጎ ከዘነበ ግን ለጥቂት ሳምንታት ቢጫ አበባ ይለብስና ከሞሮኮ የመጡት አሮጊቶች ጎንበስ ብለው የሚበላ ቅጠል ይለቅሙበታል። ዳር ዳሩን ጥቂት ባሕር ዛፎች ቆመውበታል። ሌላ ምንም የለውም።

ከጎንደር መጥተን ቤርሼቫ ከተማ፣ ሽኩና ጊሜል የሚባለው ሰፈር የገባነው ለአዲስ ገቢዎች ከተሠራው የካራቫን ሰፈር ወጥተን ነው። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ሁለት መኝታና አንዲት ጠባብ ሳሎን ደረሰን። እናቴ ውሃ ከግድግዳ ሲወጣ፣ በር በቁልፍ ሲዘጋ እያየች «ተመስገን፣ ይኸው ቤት ሆነ» ትል ነበር። አባቴ ግን በቤቱ ብዙ አልኖረበትም። ገና ዓመት ሳይሞላን አንድ ጠዋት ወደ ሥራ ሲሄድ አውቶቡስ መጠበቂያው ላይ ወደቀ፤ ልቡ ነው አሉን። ቀብሩ ተፈጽሞ ስንመለስ ከኪርያት ጋት፣ ከአሽቀሎን፣ ከነቲቮት የመጣው ወገን ደረጃውን ከታች እስከ ላይ ሞላው። ቤት የገባው ተጨናንቆ ቆሟል፤ ያልገባው ደረጃ ላይ ተደርድሮ ያለቅሳል። ሽማግሌዎቹ መቀመጫ አጥተው ግድግዳ ተደግፈዋል።

ምድር ቤት የሚኖር አንድ ሽማግሌ ነበር፤ በልጅነቱ ከሞሮኮ የመጣ፣ ዕድሜውን ሁሉ አውቶቡስ ሲነዳ ኖሮ ጡረታ የወጣ። ጫጫታውን ሰምቶ በካናቴራ ብቅ አለና እኔን ያዘኝ።

«ምንድን ነው ይሄ ሁሉ ሰው?»

«አባቴ ሞቶ ነው።»

«ሁሉም ዘመድ ነው?»

«ሁሉም።»

ደረጃውን ቀና ብሎ አየና ተመልሶ ገባ። ትንሽ ቆይቶ የሰንበት ወንበሮቹን እየጎተተ ወጣ። ወንበሮቹን ሜዳው ላይ ደረደራቸው፤ ከወጥ ቤቱ መስኮት የኤሌክትሪክ ገመድ ስቦ አንዱ ባሕር ዛፍ ላይ አምፖል ሰቀለ። «እዚህ ተቀመጡ፤ ቦታው የማንም አይደለም» አለን። ማታውኑ የኛ ሰዎች ከአሽቀሎን ድንኳን አመጡ። ሰባቱን ቀን እዚያ ተቀመጥን።

እናቴ ጎንደር ሳለችም ሙሾ በማውረድ የታወቀች ነበረች። ከሌላ ወረዳ ሳይቀር በበቅሎ እየመጡ ይወስዷት ነበር ይባላል። እዚህ አገር ከገባን ወዲህ ግን አንድም ቀን ስታወጣው ሰምቻት አላውቅም ነበር። በአባቴ ለቅሶ፣ ሜዳው ላይ፣ ሰው ዙሪያዋን ከብቦ ደረቱን እየመታ ሲቀበላት፣ ድምፅዋ ወደ ብሎኮቹ ወጥቶ ሲመለስ፣ ሩሲያዎቹና ሞሮኮዎቹ በየሰገነታቸው ወጥተው ዝም ብለው ሲያዳምጡ፣ እኔ እናቴን ያን ቀን እንደገና ያወቅኋት መሰለኝ።

ከዚያ ወዲህ በጊሜልም ሆነ ጎረቤት ባለው ሰፈር የኛ ሰው ሲያርፍ ድንኳኑ የሚቆመው እዚያ ሆነ። አገር ቤት የቀረ ዘመድ ሞቶ መርዶ ሲመጣም እዚያው ነው። የራሳችን ድንኳን ገዛን፤ ድንኳኑንና አግዳሚ ወንበሮቹን ከብሎኩ ሥር ያለው የቦምብ መጠለያ ውስጥ አስቀመጥን። እኔም ቀን የከተማው ሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ክፍል እየሠራሁ፣ ሰው በሞተ ቁጥር ካስማ ከሚተክሉት አንዱ ሆንኩ። የዚህ አገር አፈር ሲደርቅ ድንጋይ ነው፤ ውሃ አፍስሰንበት ሲረጥብ ካስማውን እንተክለዋለን።

እንደ ፈረንጆቹ ሁለት ሺህ ከገባ ዐሥር ዓመት ካለፈ በኋላ አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ እናቴን ሜዳው ዳር ቆማ አገኘኋት። ከፊቷ፣ ባሕር ዛፉ ላይ፣ ቢጫ ማስታወቂያ ተቸንክሯል።

«ምን ይላል? አንብብልኝ» አለች።

አነበብኩት። ፎቅ ሊሠራ ነው፤ ተቃውሞ ያለው ሰው ለማዘጋጃ ቤቱ የግንባታ ኮሚቴ ያቅርብ ይላል።

«የት ላይ ነው የሚሠሩት?»

«እዚሁ።»

«እዚሁ ማለት? ይሄ ላይ?» በእግርዋ መሬቱን ነካ አደረገችው።

«አዎ እማዬ።»

ማስታወቂያውን በጣቷ ነካችው። ከዚያ «ጎረቤታችን የማንም አይደለም ብሎን አልነበረም እንዴ?» አለች። የማንም ያልሆነ መሬት እንደሌለ እኔ አውቅ ነበር፤ እሷም የምታውቅ ይመስለኛል። ግን እስከዚያ ቀን ድረስ ማንም መጥቶ የኔ ነው አላለማ።

በዚያው ሳምንት ዓርብ ከሰዓት፣ ሰንበት ሳይገባ፣ እህቴ እየሳቀች መጣች። እህቴ እዚህ አገር ስትገባ ሕፃን ነበረች፤ ያን ጊዜ ሆስፒታሉ ውስጥ ነርስ ሆና፣ ደቡብ ካሉት ፋብሪካዎች በአንዱ ለሚሠራ የኛው ልጅ ታጭታ፣ ሠርጓን እየጠበቀች ነበር። የሚያብረቀርቅ ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች። ነጭ ፎቅ፣ አረንጓዴ ሣር፣ ጋሪ የምትገፋ ሴት ተስለውበታል።

«ኢማ፣ እዪ! ከመስኮትሽ እየጠራሽኝ ቡና ትጠጫለሽ። የካብላኑ ቢሮ ያለችው ልጅ ለሰፈሩ ወጣት ባልና ሚስት ቅድሚያ እንሰጣለን አለችኝ።» ካብላን የምትለው ሥራ ተቋራጩን ነው።

እናቴ ወረቀቱን አየችው። ጣቷን ሣሩ ላይ አድርጋ «ይሄ ድንኳናችን የሚቆምበት ነው?» አለች።

«የቱ ድንኳን?»

«የለቅሶው።»

እህቴ ወደ እኔ ዞረች፣ እርዳኝ እንደማለት። እኔ አቀረቀርኩ። በዕብራይስጥ ፈጠን ፈጠን እያለች ተናገረች፤ ስትናደድ አማርኛው ይጠፋባታል። «እኔ የምኖርበት ቤት እፈልጋለሁ፣ አንቺ የምታለቅሺበት ሜዳ ትፈልጊያለሽ። እኔ ምን ላድርግ? ዖሜር ሀብታሞቹ ጋ ሄጄ ቪላ ልግዛ?»

እናቴ ዕብራይስጡ ገብቷታል። በአማርኛ ቀስ ብላ መለሰችላት። «ልጄ፣ ቤት ይኑርሽ። ከዓይኔ ሥር ብትኖሪልኝ ከኔ በላይ ደስ የሚለው የለም። ግን ሰው ቤት ብቻ ይዞ አይኖርም። አባትሽን የት ሆነን ነው ያለቀስነው?»

«እኔ ሕፃን ነበርኩ። አላስታውስም» አለች እህቴ። ወረቀቱን አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ያን ሰንበት አብረን በላን፤ ወረቀቱ ግን ከቦርሳዋ አልወጣም።

ሽማግሌው ሾፌር ግን ተነሣሥቶ ነበር። በየበሩ እያንኳኳ የብሎኩን ሰው ከሥር፣ ከምሰሶዎቹ መሀል ሰበሰበ። የሚያውቀው መሐንዲስ አለ፤ እሱን ጠይቆ መጥቷል። «ጥላ፣ አቧራ፣ ጫጫታ ብትሉ አይሰሟችሁም» አለ። «መኪና ማቆሚያ በሉ። መኪና ማቆሚያ ያንሳል ካልን ይፈራሉ። ሁላችንም አንድ ቃል እንናገር።» ሰዉ ሁሉ ተስማማ። እናቴ የሚሉትን ተረጎምኩላት።

«እኛ መኪና የለንም» አለች።

«ቢሆንም እንዲያ ማለቱ ይሻላል ነው የሚሉት፣ እማዬ።»

«እነሱ የቸገራቸውን ይበሉ፤ እውነታቸው ነው። እኔ የቸገረኝ ሌላ ነው። የኔን እናገራለሁ።»

ሾፌሩ የምትለውን ስነግረው ራሱን ነቀነቀ፤ ቢሆንም አልተከራከራትም። «ማማ የፈለገችውን ትናገር» አለ።

ኮሚቴው የሚሰበሰበው ማዘጋጃ ቤቱ ውስጥ ነበር። ክፍሉ ከውጭው ሐሩር ጋር የተጣላ ይመስል በረዶ ነው፤ እናቴ ነጠላዋን ደርባ ተከናነበች። ረጅም ጠረጴዛ፣ ከኋላው ጥቂት ሰዎች፣ መሀል ላይ መነጽር ያደረገች ሰብሳቢ። ከአድማጩ ወንበር ጥግ ላይ እህቴን አየኋት። እንደምትመጣ አልነገረችንም። ከሥራ እንደወጣች ነው የመጣችው፤ የነርስ ልብሷን እንኳ አልቀየረችም። ከኛ ጋር አልተቀመጠችም። እናቴም አየቻት፤ አንገቷን ሰበር አድርጋ ሰላም አለቻት።

ሾፌሩ ስለ መኪና ማቆሚያው ጥሩ አድርጎ ተናገረ። የመሐንዲሱን ወረቀት አቀረበ፤ ሰዎቹ ጻፉ፣ ጠየቁ፣ እርስ በርሳቸው ተንሾካሾኩ። ቀጥሎ የእናቴ ተራ ሆነ። እኔ አጠገቧ ቆምኩ። ዕብራይስጥ «አንቱ» የለውም፤ ሰብሳቢዋ ስትጠይቃት እኔ ስተረጉም «እርስዎ» እያልኩ አከበርኳት።

«ተቃውሞዎ ምንድን ነው ትላለች።»

«ተቃውሞ አይደለም» አለች እናቴ። «ለመጠየቅ ነው የመጣሁት። ሰው ሲሞትብን የት እንቀመጥ?»

ተረጎምኩት። አንዱ የኮሚቴ አባል የሰማውን የተጠራጠረ መስሎ «ሲሞት?» አለ።

«ለቅሶ ስንቀመጥ። ሰባቱን ቀን።»

«ስንት ሰው ይመጣል?»

«እንደ ሟቹ ነው» አለች። «ሰውን የኖረው ኑሮ ነው የሚያስለቅስለት። የመጣ ሰው ተመለስ አይባልም።»

ሰብሳቢዋ ደግ ሴት ነበረች፤ ይህን ልክድ አልችልም። ብዕሯን አስቀምጣ ወደ እናቴ ዘንበል አለች። «የማኅበረሰብ አዳራሽ አለ እኮ። ሰፊ ነው፣ ማቀዝቀዣ አለው። እሱን መጠቀም አይችሉም?»

«አዳራሽ ቁልፍ አለው» አለች እናቴ። «ቁልፍ ያለው ሰው ደግሞ ሲመሽ ቤቱ ይሄዳል። ለቅሶ ደራሽ ግን ከሩቅ ነው የሚመጣው፤ የሚደርስበት ሰዓት አይታወቅም።» ከዚያ፣ እኔ ሳልጠብቅ፣ እንደ ለቅሶው ቀን አይደለም፣ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ እንደ ተራ ወሬ አድርጋ አለችው፦

«ሞትማ ቦታ አይሻ፣ በጠባብ ይገባል፤
ለቅሶ ግን ሰው ይዞ፣ ሜዳ ይፈልጋል።»

ይህን እንዴት አድርጌ እንደምተረጉመው ጨነቀኝ። ቃሉን እንጂ ዜማውን ማሻገር አልቻልኩም። የሚጽፈው ሰው ብዕሩን አንሥቶ አየን፤ የት ላይ እንደሚጽፈው ያላወቀ ይመስል ነበር።

ቀድሞ የጠየቃት ሰውዬ ጉሮሮውን ጠረገ። ክፉ አልነበረም፤ ሥራው ነው። «እመቤቴ፣ ልጆች አለዎት? ቤት የሚያስፈልጋቸው?»

እናቴ ዞር ብላ ጥጉን አየች። «አለችኝ። ያቻት፣ እዚያ ተቀምጣለች።»

ሰው ሁሉ ወደ እህቴ ዞረ። እህቴ ፊቷ ቀላ፤ ቦርሳዋን ደረቷ ላይ አጥብቃ ያዘች።

«ታዲያ?» አለ ሰውዬው።

«ታዲያማ እሷም አንድ ቀን ታለቅሳለች» አለች እናቴ።

እህቴ ተነሥታ ወጣች። በሩን ቀስ አድርጋ ነው የዘጋችው፤ ብታላጋው ኖሮ የሚቀለኝ ይመስለኛል። ስንወጣ ደጅ ላይ አልጠበቀችንም።

ውሳኔው እስኪመጣ ክረምቱ አለፈ። አንድ ቀን ሾፌሩ ወደ ሦስተኛ ፎቅ እያለከለከ ወጣ። «ተቀበሉን! ተቃውሞውን ተቀበሉን!» እያለ ነው የገባው። እናቴ ወንበር ሰጠችው፣ ውሃ ሰጠችው። የላኩለትን ወረቀት ለእናቴ እንዳነብላት ሰጠኝ። ከላይ እንዳለው ነው፤ ስለ መኪና ማቆሚያ የቀረበው አቤቱታ ትክክል ነው፣ ተቀብለነዋል ይላል። ወደ ታች ስወርድ ድምፄ ቀነሰ። ፎቁ እንደታቀደው ይሠራል። ይፈለጋል የተባለው የመኪና ማቆሚያ ደግሞ ከፎቁ ተርፎ በሚቀረው ባዶ ቦታ ላይ ይነጠፋል።

ሽማግሌውም ነገሩ የገባው እኔ ሳነብ ነው። እሱ ከመጀመሪያው መስመር አላለፈም ነበር።

«የቀረውን ጥግ?» አለኝ። «ሣር ይሆናል የተባለውን?»

«እሱን።»

እጁን ጉልበቱ ላይ አሳርፎ ተቀመጠ። «እኔ ነኝ ያስበላኋችሁ» አለ። ከዚያ ወደ እናቴ ዞሮ «ማማ፣ ሰሊሓ። ይቅር በይኝ» አላት።

«ወንበርህን አውጥተህ ያስቀመጥከን ሰው ነህ። ምኑን ነው ይቅር የምልህ?» አለችው። ብርጭቆውን እንደገና ሞላችለት።

ባሕር ዛፎቹን በአንድ ጠዋት ቆርጠው ጨረሷቸው። ከዚያ በኋላ ዓመት ከመንፈቅ ያህል አቧራና የብረት ጩኸት ሆነ። እናቴ መስኮት ዘግታ መቀመጥ አልሆነላትም፤ ከፍታ ታያለች። ሠራተኞቹ ከሩቅ አገር፣ ከቻይና የመጡ ሰዎች ነበሩ። ፀሐዩ ሲበረታ በረዶ ያደረገችውን ውሃ በጠርሙስ እያስያዘች እኔን ትልከኛለች። «እነሱ ምን አደረጉ? እንጀራቸው ነው» ትላለች። ደግሞ ከፍ እያለ ሲሄድ፣ ሰገነቶቹ ብቅ ብቅ ሲሉ፣ አንድ ቀን እንዲህ ስትል ሰማኋት፦ «ያ ጥግ ላይ ያለው ለእህትህ ይሆናት ነበር። ጠዋት ፀሐይ ያገኘዋል።»

እንግዲህ ያን ጊዜ ነው የገባኝ። በልቧ ሜዳውን ትታው፣ ቤቱን ለእህቴ እየገዛችላት፣ መጋረጃ እየሰቀለችላት ነበር። አፍ አውጥታ ግን አልነገረቻትም። እህቴም አልጠየቀችም። ከስብሰባው ቀን ወዲህ ሁለቱ ሲገናኙ እንደ እንግዳ ነበሩ፤ ደህና ነሽ፣ ደህና ነኝ፣ በላሽ፣ በላሁ። እኔ መሀል ላይ ሆኜ ዛሬ ነገ ይታረቃሉ እል ነበር።

እህቴ ካብላኑ ቢሮ ተመላልሳለች። ሁልጊዜ ገና ነው ይሏታል፤ ሽያጩ ሲጀመር እንደውላለን ይሏታል። አንድ ቀን ከሥራ በቀጥታ ወደ ቤት መጣችና ወጥ ቤቱ በር ላይ ቆመች። እናቴ ሽንኩርት እየከተፈች ነበር።

«ተሸጧል» አለች እህቴ።

«ምኑ?»

«ቤቶቹ።»

«ሁሉም?»

«ሁሉም። ግድግዳው ሳይቆም ነው ያለቀው።»

እናቴ ቢላዋውን አስቀመጠች። «ማን ገዛው?»

«የማይኖሩበት ሰዎች» አለች እህቴ። ከቴል አቪቭና ከዙሪያዋ የመጡ ናቸው፤ ገዝተው ለዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች የሚያከራዩ። ለሰፈሩ ልጆች ቅድሚያ የተባለው የጸሐፊዋ አፍ ብቻ ነበር፤ የተጻፈበት ቦታ የለም።

እናቴ ተነሥታ ልትይዛት እጇን ዘረጋች። እህቴ ወደ ኋላ አለች። «አንቺ ያን ቀን እኔን በጣትሽ ባታሳዪ ኖሮ...» ብላ ጀመረችና አልጨረሰችውም።

«ከዚያ ጋር ምን አገናኘው?» አልኳት እኔ። «ሻጩ ሌላ፣ ኮሚቴው ሌላ!»

«አውቃለሁ፣ አሒ፣ ወንድሜ» አለችኝ። «አውቃለሁ።» ግን ፊቷ አያውቅም ነበር።

ሠርጓ ደስ የሚል ሠርግ ነበር፤ እናቴ መርቃ ዳረቻት። ከሠርጉ በኋላ ባሏ መሀል አገር ሥራ አገኘና ወደዚያ ሄዱ፤ አዲስ ከተማ ነው፣ ባቡር ተቀይሮ የሚደረስበት፣ የኛ ሰው እምብዛም የሌለበት። እህቴ ሌላ ሆስፒታል ገባች። በሳምንት አንዴ ዓርብ ዓርብ ትደውላለች። ለእናቴ ስልኩን ስሰጣት ሁለት ቃል ተናግራ መልሳ ለኔ ትሰጠኛለች። ሰው አብሮ ሲኖር ያልተናገረውን ነገር ሲለያይ ጭራሽ መናገር ያቅተዋል።

ፎቁ አለቀ። ተማሪዎቹ ብስክሌትና ውሻ ይዘው ገቡ። መጥፎ ልጆች አልነበሩም፤ ሙዚቃቸው ትንሽ ይጮሃል፣ እናቴን መንገድ ላይ ሲያገኟት ዘንቢሏን ይይዙላታል። አስፋልቱ ነጭ መስመር ተሰምሮበት ሙሉ መኪና ሆነ።

አገር ቤት ቀርቶ የነበረው የእናቴ ታላቅ ወንድም ማረፉን የሰማነው ከዚያ በኋላ ነው። ሽማግሌዎቹ እንደ ወጉ ጎህ ሲቀድ መጥተው አረዷት። ጩኸቷን ሰምቶ የብሎኩ የኛ ሰው ወጣ፤ ወንዶቹም ድንኳኑን ከመጠለያው አወጣን። ሌላ የት እንወስደዋለን? መኪና ማቆሚያው ላይ ዘረጋነው። ካስማው አስፋልቱን አይበሳም። ውሃ ብናፈስበት አይረጥብም። ገመዱን በርሜል ውሃ ሞልተን አሰርንበት፣ ያልበቃውን ከመኪና ጎማ ጋር አሰርነው።

አንድ ተማሪ ብስክሌቱን እየገፋ ወጣና ድንኳኑን ሲያይ ፊቱ በራ። «ማዛል ቶቭ! ማን ነው የሚያገባው?»

«የእናቴ ወንድም ሞቶ ነው» አልኩት።

ልጁ ደነገጠ። ብስክሌቱን ጥሎ ፎቁ ላይ ወጣና በየበሩ እያንኳኳ ጓደኞቹን አስወረደ፤ ብዙዎቹ መኪናቸውን አንሥተው ሄዱ። አንዲት ነጭ መኪና ብቻ ባለቤቷ ሳይገኝ ቀረ። ድንኳኑን ዙሪያዋ አቆምነው። እንግዲህ ለቅሶው መሀል ነጭ መኪና ቆማ ዋለች። ሴቶቹ እንደ ግድግዳ ተደገፏት፤ ሕፃን ያላት የያዘችውን ዳቦ ጣሪያዋ ላይ አስቀመጠች።

ከሰዓት እናቴ ሙሾ አወጣች። ድምፅዋ አርጅቷል፣ ግን ሲነሣ ያው ነው። ሰው መቀበል ጀመረ፤ ከኪርያት ጋት የመጡት ገና እየገቡ፣ ደረታቸውን እየመቱ። መሀል ላይ፣ የወንድሟን ልጅነት እያነሣች ሳለ፣ አንዲት ሴት ስትነሣ መኪናዋን ገፋ አደረገቻት። መኪናዋ ጮኸች። የሌባ ማስጠንቀቂያው ድንኳኑ ውስጥ፣ ከሸራው ሥር፣ ጆሮ ይበጥስ ነበር። እየጮኸ፣ እየጮኸ፣ ፋታ አይሰጥም። የሚያጠፋው ሰው የለም። እናቴ አፏን እንደከፈተች ቆመች። ልጆች ሳቁ፤ እናቶቻቸው መቷቸው። በመጨረሻ አንዲት ተማሪ በባዶ እግሯ፣ ፀጉሯ ከእንቅልፍ እንደተነሣ፣ ቁልፍ ይዛ እየሮጠች መጣች። «ሰሊሓ፣ ሰሊሓ» እያለች እንባዋ ሊመጣ ደርሶ ነበር። ጩኸቱ ጠፋ።

ጸጥ ሲል ሰው ሁሉ እናቴን አያት፣ እንድትቀጥል። እናቴ አልቀጠለችም። ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣል አድርጋ ተቀመጠች። «በቃኝ» አለች። ከዚያ ቀን በኋላ ሰው ሲሞት ትመጣለች፣ ታለቅሳለች፤ ሙሾ ግን ስታወርድ አልሰማኋትም።

ጀንበር ስትጠልቅ እህቴ ከባቡር ጣቢያው መጣች። ልጇን፣ ሕፃኗን፣ ደረቷ ላይ ታቅፋ። ድንኳኑ በር ላይ ጫማዋን አወለቀችና ገብታ እናቴ እግር ሥር ተቀመጠች። አጎታችንን አታውቀውም፤ ፎቶውን እንኳ አላየችም። ጭንቅላቷን እናቴ ጉልበት ላይ አድርጋ ግን እንደ ሕፃን አለቀሰች። እናቴ ራሷን ትዳብሳታለች። ለወንድሟ ይሁን ለሌላ ነገር የሚያለቅሱት፣ እኔ አልለየሁም።

ከዚያ ወዲህ ሽማግሌዎቹ ተማክረው አዳራሹን መከራየት ጀመሩ። ሰፊ ነው፣ ማቀዝቀዣም አለው። ዘበኛው ሲመሽ ሰዓቱን ያያል፤ ለቅሶ ደራሹም ሰዓቱን ያያል። ከሩቅ የሚመጣው እየቀነሰ ሄደ። ሰባቱም ቀን ብዙዎች ዘንድ ሦስት ሆነ።

አጎታችን ከሞተ በኋላ በመጣው ፀደይ እናቴን ይዤ እህቴ ቤት ሄድን። ስምንተኛ ፎቅ ነው፤ አሳንሰሩ ውስጥ የተሳፈሩት ጎረቤቶች ሰላም አይሉም። ቤቱ ግን ብርሃን የሞላበት፣ ንጹሕ ቤት ነው። እናቴ እያንዳንዱን ክፍል እየዞረች መረቀች። ሕፃኗን ታቅፋ ዋለች። እህቴ የምትወደውን ሠርታ አበላቻት፤ ሲለያዩ ተሳሳሙ። ሕፃኗ በር ላይ «ሳቭታ» ብላ ስትጠራት እናቴ ዞር ብላ «አያቴ በይ» አለቻት፤ ሕፃኗ ሳቀች፣ እህቴም ሳቀች። ስለ ቤቱ ነገር ግን አንዳቸውም አላነሡም። እኔም አላነሣሁም፤ የተሻለ ቀን የሚመጣ መስሎኝ።

ስንመለስ ባቡሩ ኪርያት ጋትን አልፎ የስንዴ ማሳው መሀል ሲገባ፣ እናቴ መስኮቱን እያየች እንዲህ አለችኝ፦

«ያን ጊዜ ዝም ብል ኖሮ ቤቱን ታገኘው ነበር?»

«ኧረ እማዬ! ስንቴ ልንገርሽ? ካንቺ ጋር አይገናኝም። ቀድሞውኑ የተሸጠ ነበር።»

«አውቃለሁ» አለች። «አንተም ታውቃለህ። እሷም ታውቃለች።» ነጠላዋን አስተካከለች። «ቢሆንም ሰው ሲከፋው የሚያውቀውን አይደለም የሚያስበው። ልጄ በኔ ምክንያት ሩቅ አገር የምትኖር ይመስላታል። እኔም ሌሊት ስነሣ እንደዚያው ይመስለኛል።»

አብዛኛው ማሳ ገና አልታጨደም ነበር፤ አንዱ ላይ ማጨጃ ማሽን አቧራ እያስነሣ ይሄዳል። እናቴ እሱን እያየች ትንሽ ቆየችና ዓይኗን ጨፈነች። ቤርሼቫ እስክንደርስ አልነቃችም፤ ወይም ተኝታ አልነበረችም ይሆናል።